አባቴ ጭንቅላት ውስጥ ውሃ ተጠራቅሟል ተባለ፤ የትኛውን ቱቦ እናስገባለት?

የኮዬዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

አባቴ 74 ዓመቱ ነው። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከእኔና ከወንድሜ ጋር ይኖራል፤ ሊፍት የለንም። ዕድሜውን ሙሉ ጂኦግራፊ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላም በየቀኑ ደረጃውን ወርዶ እስከ ገበያው በእግሩ ደርሶ ይመለስ ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን አካሄዱ ተበላሸ። እግሩ ወለሉ ላይ የተጣበቀ ይመስላል። የመጀመሪያዋን እርምጃ ለማንሳት ይታገላል፣ ከተነሳ በኋላ ደግሞ እግሩን እየጎተተ በትናንሽ እርምጃ ይሄዳል። መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል። "እግሬን ግባ እለዋለሁ፣ አይሰማኝም" ይለኛል።

ከዚያ ሽንቱን መቆጣጠር ከበደው። ቀጥሎ መርሳት መጣ። እኛ እርጅና ነው ብለን ተቀመጥን፣ ጎረቤት ጃጅተዋል አለ፣ አክስቴ ጠበል ይሂድ አለች፣ ወሰድነውም። ሦስት ጊዜ ከወደቀ በኋላ ነው ሲቲ ስካን የታዘዘለት። ጭንቅላቱ ውስጥ ያሉት የውሃ ክፍተቶች ሰፍተዋል ተባለ።

ሐኪሙ "ሸንት ያስፈልጋቸዋል" ሲል ወንድሜ "ሽንት" ብሎ ሰማውና የሽንት ቱቦ ሊገዛ ፋርማሲ ወረደ። አባቴ የሽንትም ችግር ስላለበት እኔም አልጠረጠርኩም። ከጭንቅላት ተነስቶ በቆዳ ስር ወደ ሆድ የሚወርድ ቱቦ መሆኑን ያወቅነው በማግሥቱ ነው። ሌላ ቤተሰብ እንዳይሳሳት ነው የጻፍኩት። ከዚህ በኋላ ቱቦ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ጥያቄዬ ይኸው። ሁለት ምርጫ ተሰጥቶናል። አንደኛው ግፊቱ አንዴ ተወስኖ የተሠራ ቫልቭ (ውሃው ሲወርድ የሚከፍትና የሚዘጋ ክፍል) ያለው ነው፤ እዚሁ ይገኛል፣ ዋጋውም ይቻላል። ሁለተኛው ከገባ በኋላ ቆዳ ሳይቀደድ ከውጭ በማግኔት የሚስተካከል ነው። እሱን ዱባይ ያለችው እህታችን ገዝታ ትልካለች ብለን አስበናል፣ ግን ዋጋው ብዙ እጥፍ ስለሆነ እሷ ብቻዋን አትችለውም፣ ወንድሜ ባጃጁን መሸጥ አለበት። ያ ባጃጅ የቤታችን እንጀራ ነው። ለሽማግሌ ሰው ልዩነቱ ይህን ያህል ዋጋ አለው? ያለፋችሁበት ሰዎች ንገሩኝ።

ከለገጣፎ፦

እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። የእኔ እናት ከሦስት ዓመት በፊት ገብቶላታል፣ ያኔ 71 ነበረች። ስለ አባትሽ የጻፍሽው አካሄድ ቁርጥ የእሷ ነው።

ለእኛ ምርጫ አልተሰጠንም፣ ቋሚው ነው የገባላት። የመጀመሪያው ወር ተአምር ነበር። ብቻዋን ቡና አፈላች። በአምስተኛው ሳምንት ራሴን አመመኝ ማለት ጀመረች። ልብ በይ፣ ስትተኛ ይተዋታል፣ ቀና ብላ ስትቀመጥ ይመለስባታል። እኛ ብርድ መታት አልን። ሲያስወጡን ማንም ይህን ምልክት ጠብቁ ያለን የለም፣ እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ እሱ ነው። በሰባተኛው ሳምንት መተኛት አበዛች፣ ቀኝ እጇም ሰነፈ። ሲቲ ስካን ስትነሳ በአንጎሏና በራስ ቅሏ መካከል ደም ተቋጥሯል ተባለ። ውሃው ከሚገባው በላይ እየወረደ ኖሯል። እንደገና ቀዶ ጥገና ገባች፣ ደሙ ወጣ፣ ቫልቩም ተቀየረ።

የሚስተካከለው ቢሆን ኖሮ ገና ራስ ምታቱ ሲጀምራት ግፊቱን ከፍ አድርገው ይመልሱት ነበር፣ ምናልባት ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ላያስፈልጋት ይችል ነበር። አሁን ደህና ናት፣ ከጆሮዋ ጀርባ ስትዳስሺው ቫልቩ እንደ ባቄላ ፍሬ ይሰማል። እኔን ከጠየቅሽኝ አቅም ካለ የሚስተካከለው።

የማታ ተረኛ፦

ነርቭ ቀዶ ሕክምና ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ሐኪም አይደለሁም፣ የሚወስነው የሚቀድደው ሐኪም ነው። ግን ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ ኮሪደር ላይ እሰማዋለሁ፣ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ።

መጀመሪያ ከቫልቩ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ። ከአባትሽ ጀርባ ውሃ ቀድተው አካሄዳቸውን አይተዋል? በሽማግሌ ላይ የሚመጣው ይህ ዓይነት፣ ግፊቱ ብዙም ሳይጨምር ክፍተቶቹ የሚሰፉበት፣ ከተራ እርጅና፣ ከፓርኪንሰንና ከሌላ የመርሳት በሽታ ጋር ይምታታል። ስለዚህ ከታችኛው ጀርባ በመርፌ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ይቀዳና ከዚያ በፊትና በኋላ እንዴት እንደሚራመዱ ይታያል። ከተሻላቸው ቱቦው ይረዳቸዋል የሚለው ተስፋ ከፍ ይላል። ካልተሻላቸውም በቃ አይረዳም ማለት አይደለም፤ አንዳንዴ ቀጭን ቱቦ ጀርባ ላይ አድርጎ ለሁለት ሦስት ቀን ቀስ እያሉ እያወጡ ያዩታል። ይህ ሳይደረግ ባጃጅ አይሸጥ።

በስልክሽ ቪዲዮ ቅረጪ። ወለሉ ላይ 10 ሜትር ለኪ፣ በፕላስተር ምልክት አድርጊ፣ እርምጃ ቁጠሪ፣ ሲዞሩ ስንት እርምጃ እንደሚፈጅባቸውም ለብቻ ቁጠሪ። መዞር ላይ ነው ጎልቶ የሚታየው።

አሁን ወደ ቫልቩ። አንጎላችን በቀን ግማሽ ሊትር ገደማ ፈሳሽ ያመነጫል፣ በአንድ ጊዜ የሚገኘው ግን ወደ 150 ሚሊ ሊትር ነው፤ ቀሪው እየተመጠጠ ይታደሳል። ቫልቩ ግፊቱ ከተወሰነለት መጠን ሲያልፍ ይከፈታል፣ ሲወርድ ይዘጋል። ችግሩ የሚመጣው ሰው ሲቆም ነው። ከሮቶ ውሃ በጎማ ስትቀዱ አይታችኋል፤ የጎማው ጫፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ውሃው እየበረታ ይወርዳል። ጭንቅላት ላይ ጀምሮ ሆድ ውስጥ የሚያልቅ ቱቦም እንደዚያው ነው። ተኝተው ልክ የነበረው ቆመው ሲውሉ ይበዛል። የሽማግሌ አንጎል ደግሞ ትንሽ ስለሚሟሽሽ በላዩ ያሉት ደም ሥሮች የተወጠሩ ናቸው፣ ውሃው ቶሎ ሲጎድል ይበጠሳሉ። ከለገጣፎ የጻፍከው ወንድሜ እናትህ ላይ የደረሰው ይህ ነው።

ሆላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት 96 በሽተኞችን በሁለት ከፍሎ ዝቅተኛና መካከለኛ ግፊት ያለው ቋሚ ቫልቭ አስገባላቸው። ዝቅተኛው ያሻሻላቸው ሰዎች በመጠኑ ይበልጡ ነበር፣ ነገር ግን ከአንጎል በላይ ፈሳሽ የተጠራቀመባቸው 71 በመቶ ሲሆኑ በመካከለኛው 34 በመቶ ነበሩ። አብዛኛው ከባድ ጉዳት አላመጣም። ቢሆንም መርጦ መቆም ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያሳያል፦ ብዙ ካወጣሽ ይራመዳል ግን አደጋ አለው፣ ትንሽ ካወጣሽ ደህና ነው ግን ላይራመድ ይችላል። የሚስተካከለው ቫልቭ የተፈለገው ለዚህ ነው። ከፍ ብሎ ይጀመራል፣ በየጥቂት ሳምንቱ እያዩ ዝቅ ይደረጋል።

ሦስተኛ ነገርም አለ፣ ብዙ ሰው አይነግራችሁም። ሲቆሙ የሚያጠብቅ፣ በስበት የሚሠራ ተጨማሪ ክፍል ያላቸው ቱቦዎች አሉ። ጀርመን ውስጥ በ145 በሽተኞች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ጥናት ይህ ክፍል ሲጨመር ከልክ በላይ መፍሰሱ በግልጽ መቀነሱን አሳይቷል። ስለዚህ ሐኪሙን "ይስተካከላል ወይ?" ብቻ ሳይሆን "ሲቆም የሚያጠብቅ አለው ወይ?" ብላችሁ ጠይቁት።

ዋናው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። የሚስተካከል ቫልቭ ያለ ማስተካከያው ቋሚ ቫልቭ ነው። የእያንዳንዱ ኩባንያ መሣሪያ የራሱን ቫልቭ ብቻ ነው የሚያነበው። እህትሽ ዱባይ ላይ ከመክፈሏ በፊት ቀዶ ሐኪሙን "የየትኛው ማስተካከያ እጃችሁ ላይ አለ?" በይው፣ ስሙንና ሞዴሉን በወረቀት አስጽፊ። ወረቀቱ ላይ "ሃኪም" የሚል ስም ብታዪ የሰው ስም ነው፤ ኮሎምቢያዊው ሰሎሞን ሃኪም ነው፣ ይህን በሽታ እ.ኤ.አ. በ1965 ከባልደረቦቹ ጋር ያሳወቀው። ዕቃውም ካርቶኑ ያልተከፈተ፣ ማሸጊያው ያልተቀደደ፣ የመጠቀሚያ ጊዜው ያላለፈ መሆን አለበት። ሆስፒታሉ ከውጭ የመጣ ዕቃ ይቀበል እንደሆነም አስቀድሞ ይጠየቅ።

ኤምአርአይም (በኃይለኛ ማግኔት የሚነሳው ምርመራ) አለ። አንዳንዱ የሚስተካከል ቫልቭ ኤምአርአይ ውስጥ ሲገባ የተስተካከለበት የግፊት ቁጥር ይዛባል፣ ወጥተው መለካት አለባቸው። ከአዳዲሶቹ ብዙዎቹ እንዳይዛቡ የሚቆለፉ ናቸው። የቫልቩን ካርድ ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ።

የቡራዩ አባት፦

ልጄ፣ እኔ ሌላውን ወገን ልንገርሽ።

ባለቤቴ 69 ዓመቷ ነው፣ ቋሚው ከገባላት አራት ዓመት አለፈው፣ መካከለኛ ግፊት። አንድም ቀን አላስቸገራትም። ቤተ ክርስቲያን በእግሯ ትሄዳለች። መርሳቷ ብዙም አልተመለሰም፣ አልዋሽሽም፣ እግሯ ግን ተመለሰ፣ ሽንቷም እንደዚያው።

የሚስተካከለው ጥሩ ነው፣ አልክድም። ነገር ግን የሚስተካከል ማለት የሚመላለስ ማለት ነው። ከከተማው ዳር ላለን ሰዎች አንድ ቀጠሮ ማለት ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ ሁለት ታክሲ መቀያየር፣ መራመድ የማይችልን ሰው ሚኒባስ ላይ ማንሳት፣ ደጅ ሲጠብቁ መዋል ነው። ከአራተኛ ፎቅ ማውረድ ሲጨመርበት ደግሞ አስቢው። መመላለሱን ካልቻላችሁት ውዱ ቫልቭ የመጀመሪያው ቁጥር ላይ እንደቆመ ይቀራል። ባጃጁ ከተሸጠ በምን ልታመላልሱት ነው? ለአባትሽ እኮ ያ ባጃጅ ራሱ መድኃኒት ነው።

ኡጋንዳ ውስጥ ርካሹ የህንድ ቱቦና ውዱ ተወዳድረው እኩል ወጡ ሲባልም ሰምቻለሁ። እውነት ከሆነ ለምን እንሰቃያለን?

የማታ ተረኛ፦

አባባ፣ ስለ መመላለሱ ያሉት ልክ ነው፣ እኔ አልጻፍኩትም ነበር። ቀጠሮ ያልተከተለ በሽተኛ ሲጎዳ አይቻለሁ።

የኡጋንዳው እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ነው የታተመው። ያኔ በ35 ዶላር ይገኝ የነበረው ቻብራ የሚባለው የህንድ ቱቦና 650 ዶላር ያወጣ የነበረው ተወዳድረው በአንድ ዓመት ውስጥ የጎላ ልዩነት አልተገኘም። ግን 195ቱም በሽተኞች ልጆች ናቸው። ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ ተኝቶ ነው የሚውለው፣ አንጎሉም እያደገ ክፍተቱን ይሞላል። የ74 ዓመት ሰው ቆሞ ይሄዳል፣ አንጎሉም አይመለስም። ከዚያ ጥናት የምወስደው ርካሽ ማለት መጥፎ ማለት አለመሆኑን ነው፤ ለሽማግሌ የቱ ይሻላል የሚለውን ግን አይመልስልንም።

ኢንፌክሽንን በተመለከተ፣ ገንዘብ ካለ አንቲባዮቲክ የተነከረ ቱቦ ጠይቁ። እንግሊዝና አየርላንድ ውስጥ ከ1,600 በላይ በሽተኞች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ጥናት ከተራው ቱቦ 6 በመቶው ተመርዞ ለማውጣት ሲገደዱ ከተነከረው 2 በመቶው ብቻ ነው። ለእኔ ይህ ከቫልቩ ዓይነት የማይተናነስ ጉዳይ ነው።

ለዚህ ዕድሜ ቀዶ ጥገናው ይጠቅማል ወይ ለሚልም ሰው፦ እ.ኤ.አ. በ2025 ውጤቱ የወጣ ጥናት ለ99 አረጋውያን ሁሉ የሚስተካከል ቫልቭ አስገብቶ የግማሾቹን ከፍቶ፣ የግማሾቹን እንደተዘጋ ያህል አጥብቆ ለ3 ወር አቆያቸው። የተከፈተላቸው አካሄዳቸው ፈጠነ፣ የሌሎቹ ባለበት ቀረ። በመርሳትና በሽንት ላይ ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ ግልጽ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ተስፋችሁን እግር ላይ አድርጉ፣ ሌላው ከመጣ ደስ ይላል።

የኮዬዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሌሊቱን ሳነበው ነው ያደርኩት። ሁለት ነገር ልጠይቅ። አባዬ በየቀኑ አስፕሪን ይወስዳል፣ ለልቡ ተብሎ የታዘዘለት ነው። ላስቁመው? ሁለተኛ፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ አክስቴ ጠበል ትወስደዋለች፣ እሱ ራሱም መስገድ ይፈልጋል፣ ጾሙንም አይተውም። ምን ልበላቸው?

የማታ ተረኛ፦

አስፕሪኑን በራስሽ እንዳታስቆሚ። ለቀዶ ሐኪሙም ለልብ ሐኪሙም ንገሪ፣ መቼ እንደሚቆምና መቼ እንደሚጀመር ሁለቱ ይወስኑ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ላይ ያ የደም መቋጠር ይበልጥ ያሰጋል፣ ስለዚህ ቫልቩ ሲመረጥም ሐኪሙ ማወቅ አለበት። ለእኔ ወደሚስተካከለው ከሚያዘነብሉኝ ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

ጠበሉ ቁስሉ እስኪደርቅና ስፌቱ እስኪወጣ ይቆይ። ጭንቅላታቸውም ሆዳቸውም ላይ ቁስል አለ፣ ሁለቱም ውሃ መንካት የለባቸውም። መጠጣት ከፈለጉ ያው ንጹሕ ይሁን። ስግደቱን ሐኪሙ እስኪፈቅድ በመቀመጥ ይጸልዩ፣ ካህኑም ይህን ይረዳሉ። ጾሙ ላይ የምፈራው የሆድ ድርቀትን ነው። ሆድ ሲወጠር ቱቦው የሚያፈስበት ቦታ ግፊቱ ይጨምርና ውሃው በደንብ አይወርድም። ጎመን፣ ምስር፣ ብዙ ውሃ።

ትኩሳት፣ በቱቦው መንገድ ላይ የቆዳ መቅላት፣ የሆድ ሕመም፣ እንቅልፍ ማብዛት፣ ሲቀመጡ የሚመጣ ራስ ምታት፣ የድሮው አካሄድ መመለስ፦ አንዱን ብታዪ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ይዘሻቸው ነይ።

ከለገጣፎ፦

የመጨረሻዋን መስመር ጽፈሽ ፍሪጁ ላይ ለጥፊያት። እኛ ያኔ ያቺ ወረቀት ብትኖረን ኖሮ።

የኮዬዋ፦

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ።

ከጀርባው 40 ሚሊ ሊትር ተቀዳ። ከመቀዳቱ በፊት 10 ሜትሩን በ41 እርምጃ ነበር የሄደው፣ ለመዞር 11 እርምጃ ፈጀበት። ከሦስት ሰዓት በኋላ በ27 ሄደው፣ በ6 ዞረ። ቪዲዮውን ለሐኪሙ አሳየሁት፣ ሁለቴ አስደግሞ አየው። ማታ ቤት ስንገባ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ሳይቆም ገባ። እኔና ወንድሜ ተያየን፣ ማንም ምንም አላለም። በሦስተኛው ቀን እግሩ እንደገና በሩ ላይ ቆመ።

"የየትኛው ማስተካከያ አላችሁ?" ብዬ ጠየቅኩ። ሐኪሙ የአንድ ኩባንያ ብቻ አለን አለኝ። እህቴ ልትከፍል የነበረው የሌላ ኩባንያ ነበር። ሞዴሉን ጽፎ ሰጠኝ፣ በዋትሳፕ ላክሁላት፣ ሲቆም የሚያጠብቅ ክፍል እንዲጨመርለትም ተስማማን። ስለ አስፕሪኑ ከልብ ሐኪሙ ጋር ተነጋግረዋል።

አባባ፣ ባጃጁ አልተሸጠም። ወንድሜ ነገሩን ለእቁብተኞቹ ሲያስረዳ የዚህን ዙር ዕጣ ለእሱ ለቀቁለት። ማክሰኞ ጠዋት በዚያው ባጃጅ ነው የምንወስደው፤ አባዬ ፊት ካልተቀመጥኩ ብሏል፣ መንገዱን ላሳይህ እያለው ነው።